ዐሥር ሳንቲም

ሆቴሉ ሲታደስ በሐራጅ ያወጣት፣
ስምንት ክረምት ሙሉ ዶፍ የወረደባት፣
ወንበሯ ተቀዶ ድመት የወለደባት፣
የጎልፍ ሜዳ መኪና፣
በአይሱዙ ተጭና፣
ከሰባራ ባቡር በታች እኛ ጋራዥ ደረሰች፤
ገና ሳትወርድ የዝገት ቅርፊት ደጃችን ላይ አፈሰሰች።

ሰፈሩ ሣቀብን፦ «ሣር የላችሁ፣ ሜዳ የላችሁ!»
ጋሽ ድንበሩ ግን ዝም፤ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ተኛ፣
ሻንሲዋን በመዶሻ ጫፍ አንኳኳ፦
«ይኼ ደህና። ይኼ ሞቷል። ይኼ ታሟል እንደኛ።»

ስድስቱም ባትሪ አብጧል።
ወለሉን አሲድ በልቶት፣ ጣቴን ብሰድ አሳለፈኝ፤
አንድ ቡሎን፣ ናፍታ ጠጥቶ፣ እሳት ቀምሶ፣
ሦስት ቀን ሙሉ አለፋኝ።
በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍግ፣ ከወንበሩ ሥር ካለው ቀዳዳ
አንዲት ነጭ ኳስ ተንከባላ ወጣች፤
ኪሴ ከተትኋት።

ኩሽኔታ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድሁ።
«የጎልፍ» ብል፣ «የስንት ሞዴል?» አሉኝ፣ ቮልስዋገን መስሏቸው፤
«አይደለም፣ የኳሱ» ብዬ ብነግራቸው፣
ባለሱቁ ዕንባው እስኪወርድ ሣቀ፤
ኩሽኔታውን ግን ከባጃጅ ጎማ ፈትቶ በግማሽ ዋጋ ለቀቀ።

የቀረው ቁመቷ ነው።
ለተከረከመ ሣር ተሠርታ፣ ሆዷ አንድ ስንዝር ከመሬት፤
የኛ መንገድ ኮብልስቶን፣ ግማሹ የተነቀለ፣
አፉን የከፈተ ቦይ፣ የሰመጠ ክዳን ያለበት።
«ዐሥር ሳንቲም» አለ ጋሽ ድንበሩ፣ «ዐሥር ሳንቲም ብትነሳ፣
ትገላገል ነበር ከዚህ ሁሉ አበሳ።»
እኔ ሣቅሁ፤ ዐሥር ሳንቲም ዛሬ ምን ይገዛል?
መሬት ወድቆ ቢገኝስ፣ ማን ጎንበስ ብሎ ይይዛል?

እሱ ግን ጎንበስ አለ። ከላሜራው ቁልል ሥር
በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ጎተተ።
ሞላ ነው። አራት ሞላ። የላዳው፤
ከአራት ኪሎ ለገሃር፣ ከለገሃር ፒያሳ
ሃያ ሁለት ዓመት የነዳው።
«አሮጌውን አስረክብ፣ አዲስ ትወስዳለህ» ሲሉት፣
ሌሊቱን ሞላዎቹን ፈትቶ
በግንድ ጉማጅ ተክቶ
አስረከባቸው። ማንም አላየም።
ጎንበስ የሚል ሰው የለማ።

ክሪክ በግራ፣ ክሪክ በቀኝ፣
እኔ «ከፍ!» ስል እሱ «ቀስ!»፤
ብየዳው መሐል ላይ መብራት ሄደ።
በስልክ ብርሃን ጠበቅን፣
እሷ አንድ እግሯን እንዳነሳች ውሻ
አየር ላይ ተንጠልጥላ።
ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች ጮኹ፣ ብልጭታው ጨለማውን ገሸለጠው፤
ጋሽ ድንበሩ ሜትሩን ዘረጋ።
ዐሥር። አልጎደለም፣ አልተረፈም።

ሰሌዳ የላት፣ ሊብሬ የላት፣ በሌሊት አወጣናት።
ድምፅ የላትም! ትራፊክ አልሰማንም፣ ውሻ አልሰማንም፤
አመለወርቅ ለበቆሎዋ ከሰል ስታራግብ
ከጀርባዋ ስንደርስ ዘላ ተነሳች፦
«እንደ ሌባ! ጡሩምባ የላችሁም?»

ጋሽ ድንበሩ ወረደ። እጁን ዘረጋልኝ፤
ኳሷን ሰጠሁት። በድልህ ቆርቆሮ ከተታትና
ከወንበሩ ሥር በሽቦ አሰራት።
«ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር አላምንም» አለ።
«ላዳዬ ከቸርችል ጫፍ ስትነሳ
ሚስቴ እቤት ሆና ትሰማት ነበር፤
እስክደርስ ሽሮው ይንተከተካል።»

ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያልን ወጣን፤
የሰመጠው ክዳን ጋ፣ ላዳው ሁሌ ሆዱን የሚፋቅበት፣
ትንፋሼን ያዝሁ።
አለፍን። ምንም አልነካንም።

ደጃፉ ላይ አቆማት።
መስኮቱ ጨለማ ነው።
መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ፤ እኔም አልወረድሁም።
ኳሷ ቆርቆሮው ውስጥ
ትንሽ ተንከባለለች፣
ደግማ ትንሽ፣
ከዚያ ዝም አለች።